አባ ሴክሬታሪያት ማን ይባል?

የጥምቀት ማግስት፣ ጥር 12፣ ታቦተ ሚካኤል ከገባ በኋላ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ነው፤ ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ፣ የታጨደ የገብስ ማሳ አቋርጦ። በርኖሳቸውን ደርበው እሳት ዳር ተቀምጠዋል። ጉግሱ ላይ ያዩዋቸውን ፈረሶች አንድ በአንድ እያነሱ ይጥላሉ። ያኛው ሆዱ ከብዷል። ያኛው ልጓም ይነክሳል። ያኛው ደህና ነበር፣ ያበላሸው ጋላቢው ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ገስግስ የሚባል ዳማ ፈረስ ነበራቸው። ፈረሱ ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እኩዮቻቸው ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው "አባ ገስግስ!" ብለው ነው የሚጠሯቸው፤ እሳቸውም ያን ስም ሲሰሙ ጀርባቸው ቀጥ ይላል፣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ለዓመታት ሳስበው የነበረውን ነገር ያን ቀን አደረግኩት። ስልኬ ላይ አውርጄ የያዝኩትን ቪዲዮ ከፍቼ ሰጠኋቸው። ቤልሞንት ፓርክ፣ ኒውዮርክ፣ ሰኔ 2 ቀን 1965 ዓ.ም.። ፈረሱ ሴክሬታሪያት ይባላል። ይህን ሩጫ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አያለሁ፣ ሲከፋኝ አያለሁ። ፈረስ የሚያውቅ ሰው ግን አብሮኝ አይቶት አያውቅም ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉ። ገና ፈረሱ ሲታይ "ቦራ ነው" አሉ። ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ልክ ናቸው። "ሦስት እግሩም ነጭ ነው።" ይኼንንም በትንሿ ስክሪን አዩት። ቀይ፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ አዲስ መዳብ የሚያበራ። "ምን ዓይነት ዘር ነው? ይኼ እኮ ከእኛዎቹ ጋር አንድ አይደለም።" ቶሮብሬድ ይባላል አልኳቸው። እንግሊዞች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ከምሥራቅ ያስመጧቸውን ድንጉላዎች ከራሳቸው ባዝራዎች ጋር እያዳቀሉ ለሩጫ ብለው ያወጡት ዘር ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ቶሮብሬድ ሁሉ በአባት በኩል ሲቆጠር ከሦስት ድንጉላዎች አይወጣም። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰባት ቤት መቁጠር ለሰው ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሩጫው ተጀመረ። አምስት ፈረስ ነው የተሰለፈው። ርቀቱ አንድ ማይል ተኩል፣ ወደ 2,400 ሜትር ነው። ሴክሬታሪያትና ሻም የሚባለው ተቀናቃኙ ገና ከመነሻው ጎን ለጎን ተያይዘው ከነፉ። ጋሼ ተናደዱ። "ምን ነካቸው? ይኼ እኮ ረጅም ነው! ተቃጠሉ፣ ሁለቱም ተቃጠሉ!" ያን ቀን ሜዳው ላይ የነበሩት አዋቂዎችም ያሉት ይኼንኑ ነበር። እንደዚያ የተነሳ ፈረስ መጨረሻው ላይ እግሩ ይታሰራል። ሻም ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ግማሹን ካለፉ በኋላ ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ፣ ቀረ፣ ቀረ፣ በመጨረሻ ከአምስቱ አምስተኛ ሆኖ ገባ።

ሴክሬታሪያት ግን አልተቃጠለም። ብቻውን ቀረ። ካሜራው ሌሎቹን ፈረሶች ለማሳየት ወደ ኋላ መሸሽ ነበረበት፣ እሱም አልበቃውም። ጋሼ ዝም አሉ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ቀስ ብለው "አልገረፈውም" አሉ። "ልጁ አለንጋውን አላነሳም።" እውነት ነው፤ ጋላቢው ሮን ተርኮት ቤልሞንት ላይ አንዴም አልመታውም። መጨረሻው ላይ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ ሰዓቱን ሲያይ ይታያል። ከኋላው የሚያሳድደው የለም፣ ከፊቱ የሚይዘው የለም፣ የቀረው ሰዓቱ ብቻ ነው። 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ። በአሸዋ ሜዳ ላይ በዚያ ርቀት እስከ ዛሬ የደረሰበት የለም። ሁለተኛው ፈረስ ሲገባ በመካከላቸው 31 ፈረስ ፊትና ኋላ ቢሰለፍ የሚሞላው ቦታ ነበር፣ ከ70 ሜትር በላይ።

"ድገመው" አሉ ጋሼ።

ደገምኩት። ሦስተኛውን ጊዜ ሲያዩ ነው "መቼ ነው ይኼ?" ያሉት። ሰኔ ስልሳ አምስት አልኳቸው። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። "ስልሳ አምስት" አሉ፣ ሌላ ነገር ሳይጨምሩ። ያን ጊዜ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወሎ ተርቦ ነበር። በደሴ መንገድ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ ሲወርድ ቆመው አይተዋል፤ ይኼን ነግረውን ያውቃሉ፣ ደጋግመው ግን አይነግሩም። እኔ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብዬ ይኼ ፈረስ በቀን ወደ 15 ሊትር አጃ ይበላ ነበር ብያቸዋለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። እሳቸው ናቸው ዝምታውን የሰበሩት። "ፈረሱ ምን አጠፋ" አሉ፣ "ንገረኝ፣ ከየት ነው የመጣው?"

ነገርኳቸው።

የተወለደው መጋቢት 21 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፣ ቨርጂኒያ የሚባል የአሜሪካ ግዛት ውስጥ፣ ሜዶ በሚባል የፈረስ እርባታ። አባቱ ቦልድ ሩለር፣ እናቱ ሰምቲንግሮያል። ለባለቤቲቱ ለፔኒ ቼነሪ የደረሳት በሳንቲም ነው። የድንጉላው ባለቤት ኦግደን ፊፕስና የቼነሪ ቤት ውል ነበራቸው፤ ክፍያው ገንዘብ ሳይሆን ውርንጭላ ነው፣ ማን ቀድሞ እንደሚመርጥ ደግሞ ሳንቲም ይወስናል። ዘውድ ወይስ ጎፈር። ፊፕስ አሸነፈና የተወለደችውን ሴት ውርንጭላ መረጠ። ለተሸናፊዋ ከደረሷት አንዱ ገና ያልተወለደው፣ በሰምቲንግሮያል ሆድ ያለው ነበር። ፊፕስ የመረጣት ውርንጭላ አድጋ አንድም ሩጫ አላሸነፈችም። ጋሼ "ዕጣ ነዋ" አሉ፣ እንደ ትልቅ ዜና አልቆጠሩትም።

ስሙ ሲነሳ ግን ጆሯቸውን አቆሙ። ለውርንጭላው የታሰቡት ስሞች ተራ በተራ ውድቅ ሆኑ። በመጨረሻ የእርባታው ጸሐፊ የነበረችው ኤልዛቤት ሃም "ሴክሬታሪያት" አለችው፤ ጽሕፈት ቤት እንደማለት ነው። ቀድሞ ጄኔቭ ከነበረው የትጥቅ ቅነሳ ጉባኤ ጋር በተያያዘ ትሠራ ስለነበር ከመንግሥታት ማኅበር ጽሕፈት ቤት የመጣላት ስም ነው። "የትኛው ማኅበር? ጃንሆይ የተናገሩበት?" አዎ፣ ያው ማኅበር። አባ ጠቅል በ1928 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ቆመው ለአገራቸው የተሟገቱበት። ጋሼ ሳቅ አሉ። የፈረስ ስም ያለው ንጉሥ የተናገረበት ቤት ስሙን ለፈረስ ሰጠ ማለት ነው።

ሩጫ የጀመረው በሁለት ዓመቱ ነው፣ ሰኔ 27 ቀን 1964 ዓ.ም.። ገና ከመነሻው ሌላ ፈረስ ገጨውና አራተኛ ወጣ። በሩጫ ዘመኑ ሁሉ ከሦስተኛ በታች የወጣው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ያሸንፍ ጀመር፣ በዚያው ዓመት ገና የሁለት ዓመት ፈረስ ሳለ የአሜሪካ የዓመቱ ፈረስ ተባለ። በቀጣዩ የፈረንጆች ዓመት መግቢያ ላይ የፔኒ አባት ሞቱ፣ የውርስ ግብር መጣ፣ ስለዚህ የመራቢያ መብቱ በ32 ድርሻ ተከፍሎ በ6.08 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ትልቆቹን ሩጫዎች ገና አልሮጣቸውም! እኔ ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ያን ሁሉ ገንዘብ ጭነውበት ሮጠ።

ከዚያ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ተሸነፈ። ውድ ሜሞሪያል የሚባል ሩጫ ነው፣ ሦስተኛ ወጣ። ጋዜጠኛው ሁሉ ረጅም ርቀት አይችልም አለ። ያን ጠዋት የላይኛው ከንፈሩ ውስጥ መግል የቋጠረ እብጠት ተገኝቶበት ነበር። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ ቀና አሉ። "አፉ ታሞ? አፉ የታመመ ፈረስ ልጓም እንዴት ይቀበላል? ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል እንጂ እሺ አይልህም። ማነው ያላየለት?" እንደ ትናንት ነገር ነው የተቆጡት።

እንግዲህ ሦስቱ ሩጫዎች ናቸው ትልቁ ነገር። አሜሪካኖች ሦስት ዘውድ ይሉታል፤ ሦስት ዓመት የሞላው ፈረስ በአምስት ሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ማሸነፍ አለበት። ከ1948 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለ25 ዓመት ያሳካው አልነበረም። የመጀመሪያው ኬንታኪ ደርቢ ነው። ሴክሬታሪያት የሮጠው ሚያዝያ 27 ቀን 1965 ነበር፣ እኛ የአርበኞችን ቀን በምናከብርበት ዕለት። ከኋላ ተነስቶ አሸነፈ። ሰው የሚያወራው ስለ ሰዓቱ ነው፣ 1 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ፣ እሱም እስከ ዛሬ አልተሰበረም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ሩጫውን በአምስት እኩል ቦታ ከፍለው ሲለኩት የመጀመሪያውን ሩብ ማይል በ25.2 ሰከንድ ሮጠ፣ ሁለተኛውን በ24፣ ሦስተኛውን በ23.8፣ አራተኛውን በ23.4፣ የመጨረሻውን በ23። በየደረጃው እየፈጠነ ሄደ ማለት ነው። ሁሉም ፍጡር ሲደክም ይቀንሳል። ዳገት የወጣ ሰው ያውቀዋል። እሱ በሮጠ ቁጥር ጨመረ።

ሁለተኛው ፕሪክነስ ነው፣ ግንቦት 11። እዚያ ላይ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ከመጨረሻ ተነስቶ ሁሉንም በጎን አልፏቸው ሄደ። ሰዓት መያዣው ተበላሽቶ ስለነበር ለ39 ዓመት ክርክር ሆነ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ቪዲዮው እንደገና ታይቶ 1 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ተብሎ ተስተካከለ፣ ሦስተኛው ክብረ ወሰንም ተመለሰለት። ሦስተኛው ጋሼ ያዩት ቤልሞንት ነው። ያን ቀን በእሱ አሸናፊነት የተቆረጡ 5,617 የውርርድ ትኬቶች ገንዘባቸው ሳይወሰድ ቀረ። ክፍያው ለሁለት ዶላር ሁለት ዶላር ከሃያ ሳንቲም ብቻ ነበር፤ ሰዉ ወረቀቷን ይዟት ቤቱ ገባ።

በኋላም ተሸንፏል። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ትኩሳት ነክቶት ሳለ ኦንየን፣ ማለትም ሽንኩርት የሚባል ፈረስ ቀደመው። መስከረም ላይ ደግሞ ፕሩቭ አውት ቀደመው። እነዚህን ሽንፈቶች የሚደብቁ አድናቂዎች አሉ፣ እኔ አልደብቅም። ታሞም ያልተዘጋጀም ሆኖ ወደ ሜዳ የወሰዱት ሰዎች ናቸው፣ እሱ ተጠይቆ አይደለም። የመጨረሻውን ሩጫ ካናዳ፣ ቶሮንቶ አጠገብ ሮጠ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1966 ዓ.ም.። ቀኑ ብርድና ዝናብ ነበር። ከአፍንጫው እንፋሎት እየተፋ ብቻውን ሲመጣ የሚያሳይ ምስል አለ፤ ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት የጋሪ ፈረሶችን ያየ ሰው ያን እንፋሎት ያውቀዋል። አሸነፈ። በ21 ሩጫ 16 ድል፣ ሦስት ሁለተኛ፣ አንድ ሦስተኛ፣ ያቺ አንድ አራተኛ። በቃ፣ ዕድሜው አሥራ ስድስት ወር የማይሞላ የሩጫ ዘመን ነው።

የሞተው መስከረም 24 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። የሰኮናው ውስጥ ታሞ፣ መቆም አቅቶት፣ እንዳይሠቃይ በመርፌ አሳረፉት። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪም ቶማስ ስዌርዜክ ልቡን ባይመዝኑትም 10 ኪሎ ገደማ እንደሚሆን ገመቱ፣ ከሌላ ፈረስ ልብ እጥፍ በላይ ማለት ነው። የውድድር ፈረስ ሲሞት ልማዱ ራሱን፣ ልቡንና ሰኮናውን መቅበር ነው። እሱን ግን ሙሉውን ቀበሩት።

ጋሼ እዚህ ላይ እሳቱን ቆሰቆሱ። ከዚያ ያን ጥያቄ ጠየቁኝ። "እና አባ ሴክሬታሪያት ማን ተባለ?"

እዚያ አገር እንዲህ ያለ ወግ የለም አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። ልክ ናቸው፣ እኛ አገር ፈረስ ስሙን ለሰው ይሰጣል። አንኮበር ላይ የነገሡት ሣህለ ሥላሴ አባ ዲና ናቸው። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ምኒልክ አባ ዳኘው ናቸው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ሰዉ የንጉሡን የክርስትና ስም ባያውቅ የፈረሱን ስም ያውቃል። እንዲህ ያለ ፈረስ ተገኝቶ ስሙን የወረሰ ሰው ከሌለ አንድ ነገር ጎድሏል።

ስለዚህ ተከራከርን። ባለቤቲቱ ትሁን? ወንድምና እህቶቿ እርባታው ይሸጥ ሲሉ እምቢ ብላ ያዳነችው እሷ ናት። "ሴት አባ አትባልም" አሉ ጋሼ፣ አልፈዋት ሄዱ። አሰልጣኙ ሉሲየን ላውሪን ይሁን? "አልጋለበውም።" እሳቸው የሚሉት ጋላቢው ነው፣ ተርኮት። በወጉ መሠረት ስሙ በጀርባው ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ተርኮት ከካናዳ ጫካ፣ ከእንጨት ቆራጭ ቤተሰብ የመጣ ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. በዚያው ቤልሞንት ሜዳ ላይ ከሌላ ፈረስ ወድቆ ከወገቡ በታች ሽባ ሆነ። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ "እንግዲያስ ለእሱ ነው፣ አለቀ" አሉ።

እኔ ግን ሌላ ሰው ይዤ ነው የመጣሁት። ስሙ ኤዲ ስዌት ነው። ከደቡብ ካሮላይና የመጣ ጥቁር አሜሪካዊ፣ የእኩል አራሽ ልጅ። የሴክሬታሪያት ጠባቂ ነበር፤ ባልደራስ ልበለው። ያጥበዋል፣ ይቦርሸዋል፣ እግሩን ይጠቀልልለታል፣ ያበላዋል፣ ወደ ሜዳ ይመራዋል፣ ከሜዳ ይቀበለዋል። ሩጫው አብቅቶ ፈረሱ ወደ ኬንታኪ ሲሄድም አብሮት የሄደው እሱ ነው። ጋላቢው የሚያውቀው ሁለት ደቂቃውን ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሚያውቀው ኤዲ ነው። ኬንታኪ ላይ የቆመ የነሐስ ሐውልት አለ፤ ተርኮት ጀርባው ላይ ነው፣ ኤዲ ከፊት ሆኖ ገመዱን ይዞ ይመራል። ፎቶውን አሳየኋቸው።

ጋሼ ብዙ አዩት። በአውራ ጣታቸው ጋላቢውን ሸፈኑት፣ ፈረሱና ኤዲ ቀሩ። ጣታቸውን አነሱ፣ እንደገና ሸፈኑ።

"ገስግስን ማን ያበላው እንደነበር ታውቃለህ?" አሉኝ።

እርስዎ ነዋ አልኳቸው።

"እኔማ እጋልበው ነበር። ሳር ከወንዝ ዳር እያጨደች ተሸክማ የምትመጣው እናትህ ናት። ውሃ የምታጠጣው እሷ ናት። የሚያሽካካውም እኔን ሲያይ አይደለም።"

አርባ ዓመት የሆነ ሰው ነኝ፤ ይኼን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ማታ ከተማ ስገባ ለእናቴ ደወልኩ። ገስግስ ስላት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ "ግራ ጆሮው ሥር እከኪልኝ ይል ነበር" አለች፣ "ራሱን ዝቅ አድርጎ ትከሻዬ ላይ ያስቀምጠዋል፣ እስክታከክለት አይለቅም።"